የዲግሪ መሥፈርትና የኮርስ ምዘና፦ የተሰጠው ፊደል ምን ይመሰክራል?

በሐምሌ ወር 2015 ዓ.ም. በመንግሥትና በግል የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ለሚገኙ የመጀመሪያ ዲግሪ ዕጩ ተመራቂዎች ሀገር አቀፍ የመውጫ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በስፋት ተሰጠ። ለፈተናው ከተቀመጡት 150,184 ተማሪዎች መካከል ማለፊያ ሆኖ የተወሰነውን 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 61,054፣ ማለትም 40.65 ከመቶ ብቻ መሆናቸው ተገለጸ። ከመንግሥት ተቋማት ከተፈተኑት 77,981 ተማሪዎች ያለፉት 48,632 (62.36 ከመቶ) ሲሆኑ፣ ከግል ተቋማት ከተፈተኑት 72,203 ያለፉት 12,422 (17.2 ከመቶ) ነበሩ።

በዚህ ውጤት ላይ የተነሣው ክርክር በአመዛኙ ሁለት ወገን ይዟል። አንደኛው ወገን ፈተናውን፣ ሁለተኛው ደግሞ ተማሪውን ይወቅሳል። በመካከሉ የተዘነጋ አንድ ሰነድ አለ፤ እርሱም ተማሪው ቀደም ሲል የተቀበለው የኮርሶች የውጤት መግለጫ ነው። ለፈተናው የተቀመጡት ወጣቶች ለዓመታት በርካታ ኮርሶችን ተከታትለው፣ በየኮርሱ የማለፊያ ፊደል እየተሰጣቸው እስከዚያ የደረሱ ናቸው። ስለሆነም «ለምን ወደቁ?» ከማለታችን በፊት «ቀድሞ ሲያልፉ ምን መቻላቸው ተረጋግጦ ነበር?» ብለን መጠየቅ ይገባናል። ይህ ጽሑፍ የዲግሪ መሥፈርትና የኮርስ ምዘና እንዴት እንደተያያዙ፣ ግንኙነታቸውም የት ላይ እንደላላ ለመመርመር ይሞክራል።

የመሥፈርቱ ምንነት

የዲግሪ መሥፈርት ማለት አንድ ተማሪ ዲግሪ ለመቀበል አሟልቶ መገኘት ያለበት የግዴታዎች ስብስብ ነው። በተለምዶ አራት ነገሮችን ይይዛል፤ የክሬዲቱን ጠቅላላ መጠን፣ የግዴታ፣ የምርጫና የጠቅላላ ዕውቀት ኮርሶችን ድልድል፣ አንዱ ኮርስ ለሌላው ቅድመ ሁኔታ የሚሆንበትን ቅደም ተከተል፣ በመጨረሻም ተማሪው ሊያስመዘግብ የሚገባውን ዝቅተኛ የነጥብ አማካይ፤ ይህም በሀገራችን ለመጀመሪያ ዲግሪ 2.00 ነው።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ማስተማር ከጀመረበት ጊዜ ወዲህ እነዚህ ግዴታዎች በየዘመኑ ተለዋውጠዋል። ከ1957 ዓ.ም. አንሥቶ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ሙሉ ሀገራዊ አገልግሎት እንዲሰጡ ይፈለግባቸው ነበር፤ ብዙዎቹም በየጠቅላይ ግዛቱ ትምህርት ቤቶች መምህራን ሆነው ሠርተዋል። በ1996 ዓ.ም. የአብዛኞቹ መርሐ ግብሮች ዕድሜ ከአራት ዓመት ወደ ሦስት ዝቅ አለ፤ በ2012 ዓ.ም. ደግሞ የፍሬሽማን ዓመት ተመልሶ አራት ሆነ።

ከእነዚህ ለውጦች ሁሉ ተማሪው በሥራ ምን መፈጸም እንደሚችል በቀጥታ ሊታይ የቻለው በአገልግሎቱ ዓመት ነበር። የቀሩት በአመዛኙ የጊዜና የብዛት ለውጦች ናቸው። ዓመት መጨመርም ሆነ መቀነስ አስተዳደራዊ ውሳኔ ነው፤ በዓመቱ ውስጥ የተገኘው ዕውቀት የሚታወቀው ግን በምዘና ብቻ ነው። ዕቅድ አውጪዎች ለቁጥሩ የሰጡትን ትኩረት ያህል ለምዘናው አለመስጠታቸው የችግሩ መነሻ ይመስላል።

የክሬዲቱ ሒሳብ

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው በ2005 ዓ.ም. ገደማ ተግባራዊ የሆነው የሞጁል ሥርዓተ ትምህርት ነው። በዚያን ጊዜ ከቀድሞው ክሬዲት ሰዓት ጎን የአውሮፓው የክሬዲት ማስተላለፊያ ሥርዓት እንዲሠራበት ተደረገ። ይህ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1989 ከአንዱ የአውሮፓ ሀገር ወደ ሌላው እየተዘዋወሩ ለሚማሩ ተማሪዎች ተብሎ የተጀመረ ሲሆን፣ የሚለካው መምህሩ የሚያስተምርበትን ሰዓት ሳይሆን የተማሪውን ጠቅላላ የሥራ ጊዜ ነው። የአንድ ዓመት ሥራ 60 ክሬዲት ይሆናል፤ አንዱ ክሬዲትም ከ25 እስከ 30 የሥራ ሰዓት ይይዛል።

በእኛ የኮርስ ዝርዝሮች ላይ 3 ክሬዲት ሰዓት የነበረው ኮርስ በአብዛኛው 5 ክሬዲት፣ ማለትም 135 የሥራ ሰዓት ተብሎ ይገኛል። በሳምንት 3 ሰዓት ለ16 ሳምንታት በክፍል ውስጥ ቢሰጥ 48 ሰዓት ይሆናል። የቀረው 87 ሰዓት ተማሪው በቤተ መጻሕፍት፣ በቤተ ሙከራ፣ በመስክና በግል ጥናት የሚያሳልፈው ነው። እንግዲህ ከኮርሱ ሥራ ከግማሽ በላይ የሆነው ከመምህሩ ዐይን ውጭ የሚከናወን ነው ማለት ነው።

አሳቡ በራሱ መልካም ነው፤ የተማሪውን ትጋት የትምህርቱ ማእከል ያደርጋልና። ነገር ግን መጽሐፉ ለብዙ ተማሪ አንድ ቅጂ በሆነበት፣ የቤተ ሙከራው ዕቃ ባልተሟላበት፣ ኮርሱም በብሎክ ተጨምቆ በጥቂት ሳምንታት በሚያልቅበት ቦታ 87ቱ ሰዓት በወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል። መምህሩም የዚያን ጊዜ ሥራ የሚጠይቅ ምዘና ለማዘጋጀት ይቸገራል፤ ስላልተሠራ ነገር መጠየቅ ፍትሐዊ አይመስለውም። ስለዚህ በክፍል ውስጥ የተናገረውን ብቻ ይጠይቃል። ክሬዲቱ 5 ተብሎ ተመዘገበ፤ የተመዘነው ግን የቀድሞው 3 ነው።

ፊደሉና አማካዩ

የኮርስ ውጤት በሁለት መንገድ ሊተረጎም ይችላል። አንደኛው ተማሪውን ከክፍል ጓደኞቹ ጋር ማወዳደር ነው፤ በተለምዶ «ከርቭ» የምንለው ከዚህ የመጣ ነው። ሁለተኛው ተማሪውን አስቀድሞ ከተወሰነ የችሎታ መሥፈርት ጋር ማነጻጸር ነው። በእነዚህ ሁለት አካሄዶች መካከል ያለውን ልዩነት እ.ኤ.አ. በ1963 አጉልቶ ያሳየው አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ተመራማሪ ሮበርት ግሌዘር ነው። ተቋሞቻችን ከጊዜ በኋላ ከርቩን ትተው ቋሚ የነጥብ መደብ መያዛቸው ወደ ሁለተኛው መንገድ የተደረገ እርምጃ መስሎ ይታያል። ይሁን እንጂ 50 ነጥብ ማለት ምን መቻል እንደሆነ ካልተገለጸ፣ ቋሚ የሆነው ቁጥሩ እንጂ መሥፈርቱ አይደለም። ቀላል ፈተና ያወጣ መምህር ተማሪ የሰጠው 80 እና ከባድ ፈተና ያወጣ መምህር ተማሪ የሰጠው 80 በውጤት መግለጫው ላይ አንድ ዓይነት ናቸው።

አማካዩም የራሱን መጋረጃ ይጥላል። አንድ ተማሪ በአንድ መንፈቀ ዓመት አምስት ኮርሶች ወሰደ እንበል። ባለ 3 ክሬዲት ሰዓት ከሆኑት አራት ኮርሶች በአንዱ ኤ፣ በሁለቱ ቢ፣ በአንዱ ሲ አገኘ፤ የሙያው ዋና መሠረት በሆነው ባለ 4 ክሬዲት ሰዓት ኮርስ ግን ዲ አገኘ። ኤ 4፣ ቢ 3፣ ሲ 2፣ ዲ 1 ነጥብ ሆነው ሲባዙ 12፣ 9፣ 9፣ 6 እና 4፣ በድምሩ 40 ነጥብ ይገኛል። ለ16 ክሬዲት ሰዓት ሲካፈል አማካዩ 2.50 ነው፤ ከ2.00 በብዙ ይበልጣል። የየተቋሙ ደንብ በዲና በኤፍ ላይ የሚያኖረው ገደብ ሊለያይ ቢችልም፣ የአማካይ ጠባይ ግን ይኸው ነው፤ በአንዱ የጎደለውን በሌላው ይሸፍናል። ሽፋኑ በጠቅላላ ዕውቀት ኮርስ ላይ ሲሆን ብዙ ጉዳት የለውም። መድኃኒት በሚቀምም፣ ድልድይ በሚሠራ ወይም ሕፃናትን ንባብ በሚያስተምር ሰው ዋና ሙያ ላይ ሲሆን ግን ጉድለቱን የሚከፍለው ሌላ ሰው ነው።

ተከታታይ ምዘና ወይስ ተከታታይ ፈተና?

የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ተከታታይ ምዘናን ከየደረጃው ትምህርት ጋር አስተዋውቋል፤ የሞጁሉ ሥርዓትም አጠንክሮታል። የአሳቡን መሠረት ለመረዳት ማይክል ስክሪቨን እ.ኤ.አ. በ1967 የለየውን ልዩነት ማስታወስ ይጠቅማል። አንዱ ምዘና ሥራው ገና በመከናወን ላይ ሳለ ለማሻሻል የሚደረግ ነው፤ ሌላው ሥራው ካለቀ በኋላ ፍርድ ለመስጠት የሚደረግ ነው። ተከታታይ ምዘና ዋና ጥቅሙ ለመጀመሪያው ዓላማ ነበር። በተግባር የሚታየው ግን አንዱ ትልቅ ፈተና ወደ ብዙ ትናንሽ ፈተናዎች መከፋፈሉ ነው። ክዊዙ ይሰጣል፣ ይታረማል፣ ነጥቡ ይመዘገባል፤ ተማሪው ስሕተቱን የሚያይበት የተመለሰ ወረቀት ግን ብዙ ጊዜ የለም። በቡድን የሚሠራውም ሥራ አንዱ ጽፎት አምስቱ እኩል ነጥብ የሚካፈሉት ከሆነ የማን ችሎታ እንደተመዘነ መናገር አይቻልም።

ከዚህም የከፋው በዓላማውና በጥያቄው መካከል ያለው ርቀት ነው። ቤንጃሚን ብሉምና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1956 የአእምሮ ሥራን ከማስታወስ እስከ መገምገም በስድስት ደረጃ ከፍለው ካሳዩ ወዲህ፣ የኮርስ ዝርዝሮቻችን «ይተነትናል»፣ «ያዘጋጃል»፣ «ይገመግማል» በሚሉ ግሦች ተሞልተዋል። በአንድ የመምህራን ማሠልጠኛ ኮርስ «ሠልጣኙ ለ9ኛ ክፍል የሒሳብ ትምህርት የሚሆን ዕቅድ ያዘጋጃል» ተብሎ ዓላማ ሊጻፍ ይችላል። የፈተናው ጥያቄ ግን «የትምህርት ዕቅድ ክፍሎችን ዘርዝር» የሚል ከሆነ ሠልጣኙ አንድም ዕቅድ ሳያዘጋጅ ኤ ሊያገኝ ይችላል። ፊደሉ እውነት ነው፤ የሚመሰክረው ግን ስለ ማስታወስ እንጂ ስለ ማዘጋጀት አይደለም።

መምህሩን ብቻ መውቀስ ፍትሕ አይሆንም። በአንድ መንፈቀ ዓመት ብዙ ክፍሎችን የሚያስተምርና የመቶዎችን ወረቀት የሚያርም ሰው ለማረም የሚቀለውን ጥያቄ ቢመርጥ አያስደንቅም።

የመውጫው ፈተና ድርሻ

የመውጫውን ፈተና የሚደግፉ ወገኖች ጠንካራ ክርክር አላቸው። የየተቋሙ ፊደል እኩል ክብደት ከሌለው፣ ሁሉም የሚለኩበት አንድ ሚዛን ያስፈልጋል ይላሉ። ይህ ትክክል ነው። ፈተናው ባይሰጥ ኖሮ በ62.36 እና በ17.2 ከመቶ መካከል ያለው ርቀት በማስረጃ አይታይም ነበር።

ይሁንና ሚዛኑ መዝኖ ያሳያል እንጂ የጎደለውን አይሞላም። ምርጫ በሚሰጥ ጥያቄ የሚካሄድ ፈተና የቤተ ሙከራን እጅ፣ የክፍል አያያዝን፣ የተሟላ ጽሑፍ ማዘጋጀትን አይደርስባቸውም። ማለፊያውም 50 ከመቶ በድምር ስለሆነ፣ እንደ አማካዩ ሁሉ በአንድ የዕውቀት ዘርፍ የጎደለውን በሌላው ይሸፍናል። ከሁሉ በላይ ግን ጉድለቱን የሚናገረው ዘግይቶ ነው። ተማሪው በአንደኛው ዓመት ሊሰማው የሚገባውን ቃል ቤተሰቡ ለዓመታት ወጪውን ከቻለ በኋላ ይሰማዋል። ማለፊያ ፊደል የሰጠው ተቋም ግን ስለዚያ ፊደል የሚጠየቅበት መንገድ እምብዛም የለም።

ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ማንኛውም የኮርስ ማጠቃለያ ፈተና ከመሰጠቱ በፊት ቢጋር ይዘጋጅለት፤ የትኛው ጥያቄ የትኛውን ዓላማ በየትኛው የችሎታ ደረጃ እንደሚመዝን የሚያሳየውን ይህን ሠንጠረዥ ሌላ የሙያ ባልደረባ ይመልከተው። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም።

ሁለተኛ፣ በእያንዳንዱ መርሐ ግብር በአማካይ ሊሸፈኑ የማይገባቸው ጥቂት ዋና ችሎታዎች ተለይተው ይታወቁ። እነርሱን ያላሟላ ተማሪ ሌላው ውጤቱ ምንም ያህል ቢያምር ደግሞ እስኪያሟላ ይቆይ፤ ለመድገምም ዕድልና ድጋፍ ይሰጠው።

ሦስተኛ፣ የመውጫ ፈተና ውጤት በየዘርፉ ተተንትኖ ለየትምህርት ክፍሉ ይመለስ፤ ክፍሉም ቀድሞ በሰጣቸው ፊደሎች አጠገብ አኑሮ ያነጻጽረው። በአንድ ኮርስ ብዙዎች ቢ አግኝተው በዚያው ዘርፍ ብዙዎች ከወደቁ ሊመረመር የሚገባው ያ ኮርስ ነው።

አራተኛ፣ የሁለተኛ ደረጃ መምህራን ድርሻ አላቸው። የ12ኛ ክፍል ተማሪ የትምህርት ክፍል ስም ሰምቶ ይመርጣል እንጂ የሚጠብቀውን ግዴታ አያውቅም። ክሬዲት ምን እንደሚለካ፣ ቅድመ ሁኔታ የሆነ ኮርስ መውደቅ ስንት መንፈቀ ዓመት እንደሚያዘገይ፣ 2.00 የወለል ልክ እንጂ የብቃት ማረጋገጫ አለመሆኑን አስቀድሞ ቢረዳ፣ በመጀመሪያው ሳምንት የኮርሱን ዝርዝር ጠይቆ የሚቀበልና ወረቀቱ እንዲመለስለት የሚጠይቅ ተማሪ ይሆናል። እንዲህ ያለ ጠያቂ ተማሪ በመምህሩ ምዘና ላይ ከሁሉ የቀረበ ተቆጣጣሪ ነው።

ዲግሪ የሚሰጠው በመጨረሻው ቀን ነው፤ የሚገኘው ግን በየኮርሱ፣ በየወረቀቱ፣ በየእርማቱ ነው። የመውጫ ፈተናን ውጤት ለማሻሻል የሚተጋ ተቋም ጥረቱን ከማጠናከሪያ ትምህርት ከመጀመሩ በፊት በአንደኛው ዓመት በሚሰጠው የመጀመሪያ ፊደል ቢጀምር፣ ለተማሪውም ለሀገሪቱም የሚበጀው ይህ ነው።