ለመበላት የተሠራ ንጣፍ

አንድ የእጅ መታጠቢያ ሚክሰር በእጃችን ይዘን እናገላብጠው። ገጹ መስታወት ሆኗል፤ ፊታችን ቀጥኖ ይታይበታል። ይህ ጥራት የተገኘው ግን ከክሮሙ በፊት ነው። ክሮም ጭረት አይሸፍንም፤ ከሥሩ ያገኘውን ገጽ እንዳለ ተከትሎ ይለብሳል። ብዙ ጊዜ አካሉ የሚሠራበት ናስ ቀልጦ በቅርጽ ይፈስሳል። ሲበርድ በሻካራ፣ ቀጥሎ በለስላሳ ይሞረዳል። በመጨረሻ በሚሽከረከር ጨርቅ ይወለወላል። ወልዋዩ አንዲት የሞረድ መስመር ካለፈችው፣ መስመሯ ሽፋኑን ሁሉ አቋርጣ ላይ ትታያለች።

ከውጭ ወደ ውስጥ እንሂድ። የክሮሙ ውፍረት ብዙውን ጊዜ ከ0.1 እስከ 0.5 ማይክሮን ነው። ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው፤ የሰው ፀጉር ወደ 70 ማይክሮን ይደርሳል። ከክሮሙ ሥር ኒኬል አለ፤ በጥሩ ዕቃ ላይ ከ10 እስከ 25 ማይክሮን ይሆናል። ከኒኬሉ ሥር አንዳንዴ መዳብ ይገባል፤ ከዚያ አካሉ ነው። ሸክሙን የያዘው እንግዲህ ኒኬሉ ነው። ብቻውን ቢቀር ግን ወደ ቢጫ ያደላል፣ ይደበዝዛል። ሰማያዊ ያዘለውን ንጣትና ጥንካሬውን የሚሰጠው ላይ ያለው ስሱ ክሮም ነው።

የክሮሙ ገንዳም ልክ አለው። እ.ኤ.አ. ከ1920ዎቹ ጀምሮ በፋብሪካዎች የተለመደው ቀመር በአንድ ሊትር 250 ግራም ክሮሚክ አሲድና 2.5 ግራም ሰልፌት ነው፤ መቶ ለአንድ። ሚዛኑ ሲዛባ ክሮሙ ወደ ጥግና ጎድጓዳ ቦታ አይዘልቅም፣ ወይም ደብዝዞ ይወጣል። አሲዱ ለሠራተኛው አደገኛ በመሆኑ፣ ዛሬ ብዙ ፋብሪካዎች መርዙ ወደቀነሰ የክሮም ዓይነት ዞረዋል።

አሁን ወደ ዝገቱ እንምጣ። ክሮም በአየር ውስጥ ከጥቂት ናኖ ሜትር የማይበልጥ ኦክሳይድ ይለብሳል። ይህ ልባስ ቢጫርም ወዲያው ይተካል፤ ስለዚህ ቀዩ ዝገት ከክሮሙ አይመጣም። ነገር ግን ያን ያህል የሳሳ ንጣፍ ያለ ቀዳዳና ያለ ስንጥቅ አይሠራም። ውሃ በቀዳዳው ወርዶ ኒኬሉን ያገኛል። ሁለት ብረቶች በአንድ ጠብታ ሲገናኙ ደካማው ይበላል፤ እዚህ ደካማው ኒኬሉ ነው። ቀዳዳው ጥቂት ከሆነ ጉዳቱ ሁሉ በዚያችው ነጥብ ወደ ታች ይቆፍራል። አካሉ ላይ ሲደርስ ምልክቱ እንደ አካሉ ዓይነት ይለያያል። ብረት ቀይ ዝገት ያወጣል። የዚንክ ቅይጥ ነጭ ዱቄት ያወጣና ሽፋኑን ያሳብጣል። ናስ አረንጓዴ ይሆናል።

የሙያው ምላሽ ሁለት ነው። አንደኛው ኒኬሉን ሁለት ማድረግ ነው። የታችኛው ድኝ የሌለበትና ወፍራሙ ነው፤ የላይኛው ጥቂት ድኝ ያለበት፣ የሚያብረቀርቀውና ስሱ ነው። ድኝ ያለበት ቀድሞ ይበላል። ስለዚህ ጉዳቱ የላይኛውን ይዞ ወደ ጎን ይሄዳል፤ የታችኛው ሳይነካ ይቆያል። ሁለተኛው ምላሽ የክሮሙን ቀዳዳ ማብዛት ነው፤ በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር 10,000 እና ከዚያ በላይ፣ ለዓይን የማይታይ። ጥቃቱ በብዙ ቦታ ስለሚከፋፈል አንዱም ጉድጓድ ቶሎ አይጠልቅም።

ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ ሲወጣ የሚገኘው የዶርዜ ቤት ሠሪ የሚበላውን አስቀድሞ የመስጠትን ይህን ስሌት በቀርከሃ ያውቀዋል። ቤቱን ረጅም አድርጎ ይሠራዋል። ምስጥ ከእግሩ ሲበላው የተበላው ይቆረጣል፤ ቤቱ ዝቅ ይላል እንጂ አይፈርስም። ቁመቱ ሲጀመር ለመቀነስ ጭምር ታስቦ የተሰጠ ነው።

ከፋብሪካ በኋላ በእጅ የሚጨመረው መከላከያም በዚህ ዓይን ቢታይ ቦታውን ያገኛል። ቀለም አልባ ቨርኒሽ ለስላሳ ክሮም ላይ አጥብቆ አይይዝም። እንዲይዝ በብርጭቆ ወረቀት እንዳንፍቀው ደግሞ ክሮሙ ራሱ ያልቃል። እጅ በሚነካው መክፈቻ ላይ ከጠርዙ ይላጣል፤ ውሃ ከሥሩ ይገባና ሳይደርቅ ይቀመጣል። ስለዚህ የቨርኒሹ ቦታ እጅ የማይደርስበት ነው፦ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ክብ ሽፋን ጀርባ፣ የተቆረጠ ጠርዝ፣ የብሎን ራስ። በሽፋኑ ጀርባ ኒኬሉም ብዙ ጊዜ ስስ ነው።

አሠራሩ አጭር ነው፤ ቅደም ተከተሉ ግን አይዘለልም። ዝገቱ በውሃ በራሰ የአልሙኒየም ፎይል ይታሻል፤ አልሙኒየም ከክሮም ስለሚለሰልስ አይጭረውም። የብረት ሽቦ አይነካውም፤ ስብርባሪው ገጹ ላይ ቀርቶ ራሱ ይዝጋል። ነጩ የውሃ ጠብታ ምልክት በቀጠነ ኮምጣጤ ይለቅቃል፤ ወዲያው ይታጠባል። በአርባ ምንጭ ሙቀት ጠብታው ቶሎ ስለሚደርቅ ይህ ምልክት ይደጋገማል። ከታጠበ በኋላ ፈጽሞ ይደርቃል፣ በአልኮል ይጠረጋል፣ ከዚያ ወዲያ ጣት አያርፍበትም። ቨርኒሹ በስሱ ሁለት ጊዜ ይቀባል፤ የመጀመሪያው ሳይደርቅ ሁለተኛው አይደረብም። ጠርዙ ላይ አያቆምም፤ ዞሮ ወደ ጀርባው ይሻገራል። ዝገት ሳይነሣ ከተቀባ ዝገቱን ከነእርጥበቱ ያሽገዋል።

መክፈቻውና አፉ ሰም ይበቃቸዋል፤ ለመኪና የሚሸጠው፣ የሚፍቅ ዱቄት የሌለበት። በስሱ ተቀብቶ በደረቅ ጨርቅ ይወለወላል። ሰም ቶሎ ያልቃል፤ ነገር ግን የሚላጥ ጠርዝ የለውም፣ ሲያልቅም በላዩ ይታደሳል። ጊዜውን ውሃው ይናገራል፦ ሰም ሳለ በጠብታ ይቋጠራል፣ ሲያልቅ ይዘረጋል።

ሰሙም ቨርኒሹም የማይመልሱት አንድ ነገር አለ። ሲሚንቶ ከሴራሚክ ላይ የሚነሣበት አሲድ ክሮምን ያሟሟል፤ ትነቱ ብቻ ይበቃዋል። በረኪናም ሲቆይበት ያን ስስ ኦክሳይድ ይሰብራል። ስለዚህ ሙያውን የሚያውቅ ሠራተኛ ሴራሚኩ አልቆ፣ አሲዱ ታጥቦ፣ ክፍሉ ተናፍሶ ሳያይ ሚክሰሩን ከካርቶኑ አያወጣም።