ዋሻው፣ ዓለቱና መጠለያው

ከላሊበላ ከተማ ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ጎን፣ በጽድ ዛፎች መካከል የሚገኘው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በላዩ ሰማይ የለውም። ሰማዩ ዋሻው ነው። ከደጅ የሚገባ ሰው ዓይኑ ጨለማውን እስኪለምድ ጥቂት መቆም ይኖርበታል። ከዚያ በኋላ በኖራ የተለሰነው ነጭ ግንብና ጥቁሩ እንጨት ረድፍ በረድፍ ተነባብረው፣ ከሻካራው የዋሻ ጣሪያ ሥር ቀስ በቀስ ብቅ ይላሉ።

በዚህ ሕንፃ ላይ ብዙ የተባለው ስለ ዕድሜው፣ ስለ ሥዕሎቹና ከበስተኋላው ተከማችቶ ስለሚታየው የምእመናን ዐፅም ነው። ስለ ትልቁ ጥበቡ፣ ማለትም አናጺው ሳይነካ ስለ ተወው ነገር ግን እምብዛም አልተባለም። ዋሻው አልተስተካከለም፤ ግድግዳው አልተለሰነም፤ ጣሪያው አልተጠረበም። ሰውየው ውስጡን በጥልፍ መሰል የእንጨት ሥራ ሲያስጌጥ፣ ኮርኒሱን በቅርጽና በቀለም ሲያሸበርቅ፣ ከራሱ በላይ ያለውን ዓለት ግን ተራራው እንደ ሰጠው ትቶታል። ልስልሱ በሻካራው፣ ነጩ በጥቁሩ የሚደምቀው ስለዚህ ነው። ዛሬ ዋሻውን ከፊት ለፊት የዘጋው የቅርብ ዘመን ግንብ ዓይን የሚያስከፋውም የድሮው አናጺ የጠበቀውን ዝምታ ስላልጠበቀ ነው።

የግድግዳው አሠራር የአክሱም ነው። ድንጋዩ በጭቃ ሲያያዝ እንዳይከፈት በየመካከሉ እንጨት ይጋደማል፤ አግዳሚውን የሚያስሩት ተሻጋሪ እንጨቶችም ጫፋቸው ወደ ውጭ ወጣ ይላል። በደብረ ዳሞ ግድግዳ ላይ በግልጽ የሚታዩት እነዚህ ጫፎች ‹‹የዝንጀሮ ራስ›› ይባላሉ። ለጌጥ የገቡ አይደሉም፤ ሕንፃውን አስረው የሚይዙ ናቸው። ጌጥነታቸው የመጣው ከሥራቸው ነው፤ ጣት ሁሉ አንጓ እንዳለው ማለት ነው።

ነገሩ የሚወሳሰበው ድንጋይ እንጨትን ማስመሰል ሲጀምር ነው። የአክሱም ሐውልቶች ቤት ሳይሆኑ ቤት መስለው ቆመዋል፤ ሮም ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2005 የተመለሰውና በ2008 በቦታው የቆመው፣ 24 ሜትር ያህል ቁመት ያለው ሐውልት በርና መስኮት፣ ደርብና የዝንጀሮ ራስ ሁሉ ተቀርጾበታል። የሚያስረው ግድግዳ የሌለው እንጨት፣ የሚገባበት ሰው የሌለው በር! ለመቃብር ምልክት ግን ይህ ይገባዋል። የሙት ቤት የቤት ትዝታ ብቻ ቢሆን ማን ይቃወማል?

በላሊበላ የሚገኘው ቤተ አማኑኤል ግን የሕያዋን ቤት ነው። ከአንድ ወጥ ቀይ ዓለት ተፈልፍሎ ሳለ፣ ግድግዳው ዙሪያውን አንዱ ረድፍ ገባ ሌላው ወጣ እያለ፣ እንጨትና ድንጋይ ተነባብረው የተገነቡ አስመስሎ ይታያል። የድንጋይ ጠራቢው እጅ እዚህ ላይ እጅግ የሠለጠነ ነው፤ ከሁሉም አብያተ ክርስቲያናት ይልቅ የተጠነቀቀ ሥራ ነው የሚሉ ጥቂት አይደሉም፤ እውነትም አላቸው። ነገር ግን መሮው የታዘዘው ለዓለቱ አይደለም፤ ለትዝታ ነው። ዓለቱ ማሰሪያ አያስፈልገውም፤ ራሱ አንድ ነውና። ረድፎቹን ከመምሰል አድኖ ውበት ያደረጋቸው ሌላ ነገር ነው፤ እርሱም ፀሐይ ነው። ብርሃኑ በሰያፍ ሲወርድ በእያንዳንዱ ገባ ያለ ረድፍ ውስጥ ጥላ ይተኛል፤ ግድግዳው በጥላ የተሰመረ ብራና ይሆናል። ጠራቢው እንጨት በሌለበት የእንጨቱን መስመር ያገኘው ከሰማይ ተበድሮ ነው።

ቤተ ጊዮርጊስ ዘንድ ሲደረስ ጥያቄው ይለወጣል። እርግጥ ነው፣ በዚያም የአክሱም ትዝታ አልጠፋም፤ የታችኞቹ መስኮቶች ማዕዘን የድሮውን የእንጨት መቃን ይከተላል። የላይኞቹ ግን ሾል ያለ ቅስት አላቸው፤ በዙሪያቸውም ሐረግና ቅጠል መሰል ቅርጽ ተጠምጥሟል። ከሥር የአናጺ ቤት፣ ከላይ ቡቃያ፤ ሕንፃው ሽቅብ በሄደ ቁጥር ከእንጨት ሠራተኛው ትውስታ እየራቀ ወደ አትክልቱ ይቀርባል። ከሁሉም በላይ ግን መልኩ ራሱ ከቀድሞው ግንባታ የተቀዳ አይደለም። የትም አገር ቤት ከታች ወደ ላይ ታይቶ ይደነቃል፤ ይህኛው መጀመሪያ የሚታየው ከላይ ነው። ጣሪያው ከኮረብታው ገጽ ጋር እኩል ነው፤ እርስ በርስ የተዋዋጡ ሦስት መስቀሎች ተቀርጸውበታል። 12 ሜትር ያህል የሚሆነው ቁመቱ የሚገለጠው ተመልካቹ ወደ ጉድጓዱ አፋፍ ሲቀርብ ብቻ ነው። ያን ጊዜም እግር ወደ ኋላ ይላል። ኮረብታው ባይኖር ሕንፃው የለም፤ ሕንፃው ሲወጣም ኮረብታው አልጠፋም፤ ዙሪያውን ቆሞ ግድግዳ ሆነው።

እንዲህ ያለው ሥራ ከላይ ወደ ታች የሚሠራ፣ እየቀነሱ የሚገነቡት ነው። ግንበኛ የተበላሸ ድንጋይ አንሥቶ ሌላ ይተካል፤ ፈልፋይ ግን አንዴ የጣለውን አይመልስም። በተጨማሪም ጠራቢው ጣሪያውን ሲቀርጽ መሠረቱ የሚያርፍበትን ዓለት ገና አላየውም። የሀገሩ ሰው መላእክት ሌሊት ሌሊት ያግዙ ነበር ማለቱን የሚነቅፍ ተመራማሪ፣ ቢያንስ መሮ ይዞ አንድ ክረምት ቢሞክረው መልካም ነበር። የውሃውም ነገር አልተዘነጋም፤ የጣሪያው ዝናብ በአሸንዳ ይወርዳል፤ የጉድጓዱም ውሃ መውጫ ቦይ ተበጅቶለታል። በግድግዳው ላይ የበቀለው ቢጫ የድንጋይ ሽበት ለቀዩ ዓለት ማንም ሠዓሊ ያልቀባው ቀለም ሆኖታል።

ይሁን እንጂ ይህን ሁሉ ያስቻለው ነገር ጠላቱም ነው። የላሊበላ ዓለት ከእሳተ ገሞራ የተገኘ፣ ባለ ብዙ ቀዳዳና ለመሮ ገር የሆነ ድንጋይ ነው። ገር ባይሆን አይፈለፈልም ነበር፤ ገር በመሆኑም ውሃ ይጠጣል፣ ይሰነጠቃል፣ ይፈረፈራል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የመዘገባቸው እነዚህ አብያተ ክርስቲያናት ለመፍረስ አደጋ መጋለጣቸውን ማንም አይክድም። በ2000 ዓ.ም. ገደማ (አክሱም ሐውልቷን ባቆመችበት ዓመት መሆኑ ነው) በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ በቤተ መድኃኔ ዓለም፣ በቤተ ማርያም፣ በቤተ አማኑኤልና በቤተ አባ ሊባኖስ ላይ ግዙፍ መጠለያዎች የቆሙት በዚህ ምክንያት ነው። ጊዜያዊ ናቸው ተብሎ ነበር። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ2011 ዓ.ም.፣ የከተማው ሕዝብ አደባባይ ወጥቶ ተሸካሚ ምሰሶዎቹ ሊያደርሱ የሚችሉትን ጉዳት እያነሣ ይነሡልን ሲል ጮኸ።

የምሰሶው ክብደትና የነፋሱ ግፊት የመሐንዲስ ጉዳይ ነው። የሥነ ጥበብ ሐያሲ ሊጠይቅ የሚገባው ሌላ ነው፦ መጠለያው ከዝናቡ ጋር ምን ሌላ ነገር ከልክሏል? ለቤተ አማኑኤል መልሱ ግልጽ ነው። ያ በጥላ የተሰመረ ግድግዳ ፀሐዩን ሲያጣ ረድፎቹ ደብዝዘው ለስላሳና ሁልጊዜ አንድ ዓይነት በሆነ ብርሃን ውስጥ ይቀመጣሉ። ድንጋዩ ድኗል፤ ግን ተመልሶ አስመሳይ ሆኗል። ይምርሐነ ክርስቶስም በመጠለያ ሥር አይደለምን የሚል ሊነሣ ይችላል። በእርግጥ ነው። ነገር ግን የዚያ አናጺ ዋሻውን አስቀድሞ አይቶ፣ ነጩን ግድግዳ ለጨለማው መጥኖ ሠራ። የቤተ አማኑኤል ጠራቢ የመጠነው ለሜዳ ፀሐይ ነበር፤ ዋሻው በኋላ ከላይ ተጫነበት።

መጠለያ አያስፈልግም ማለት ግን ከሩቅ ሆኖ ማማር ነው፤ ክረምት በገባ ቁጥር ቅንጣት ቅንጣት የሚወርደው ዓለት ለማማር ጊዜ አይሰጥም። በላስታ ብርቱው ዝናብ የክረምት ነው፤ ከመስከረም ወዲያ ያለው አብዛኛው ወር የፀሐይ ነው። በሰኔ የሚዘረጋ፣ በመስከረም ተጠቅልሎ የሚነሣ፣ እግሩንም በዓለቱ ላይ የማያሳርፍ ክዳን ይቻል እንደ ሆነ መሐንዲሶቹ ሊጠየቁ ይገባል። ሲጠየቁም ከዝናቡ መጠን ጎን ለጎን፣ በጥር ወር ከጠዋት እስከ ማታ በቤተ አማኑኤል ግድግዳ ላይ ጥላው የሚዞርበት መንገድ ተለክቶ ይሰጣቸው።