የሰርቨር ዲስክን ከ520 ወደ 512 ባይት ስለ መለወጥ በተጻፉት መመሪያዎች ላይ የቀረበ ሒስ

ኔትአፕና የቀድሞው ኢ.ኤም.ሲ. በመረጃ ማከማቻዎቻቸው ውስጥ ያሠሩባቸው የነበሩ የኤስ.ኤ.ኤስ. ዲስኮች ዛሬ በርካሽ ይሸጣሉ። ከእነዚህ አንዱ ሊኑክስ በሚሠራበት ሰርቨር ላይ ሲሰካ ግን ይታያል እንጂ አያገለግልም። ሊኑክስ የሴክተሩ መጠን 520 ባይት መሆኑን አይቶ፥ ይህን መጠን አልደግፍም ይልና የዲስኩን አቅም ዜሮ አድርጎ ያልፈዋል። ለዚህ መፍትሔ ተብለው የተጻፉት መመሪያዎች ብዙ ናቸው፤ ሁሉም ከሞላ ጎደል አንድ ትእዛዝ ሰጥተው ይዘጋሉ። ትእዛዙ ትክክል ነው። ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው ሳይናገሩ ያለፉትን ነው።

አስቀድሞ «ፎርማት» የሚለው ቃል ራሱ ያሳስታል። ተማሪው ዘወትር ፎርማት አደረግሁ ሲል በዲስኩ ላይ አዲስ ፋይል ሲስተም መዘርጋቱ ነው፤ ይህም በጥቂት ሰከንድ ያልቃል፥ የሴክተሩንም መጠን አይነካም። እዚህ የሚባለው ግን ዲስኩ ራሱ ገጹን ሁሉ እንደ ገና የሚከፋፍልበት ሥራ ነው፤ እንደ ስፋቱ ብዙ ሰዓት ይወስዳል። ሁለቱን በአንድ ቃል መጥራት ቤት መጥረግንና ቤት አፍርሶ መሥራትን በአንድ ስም እንደ መጥራት ነው።

ዋናው ጥያቄ እነዚያ ስምንት ባይቶች ምን ይሠሩ ነበር የሚለው ነው። አንዳንዶቹ ትርፍ ይሏቸዋል፤ ሌሎቹም ኩባንያው ደንበኛውን ለማሰር ያደረገው ነው እስከ ማለት ይደርሳሉ። ሒሳቡ ግን ይህን አያሳይም። በኔትአፕ አሠራር ስምንት ሴክተሮች ተደምረው 4160 ባይት ይሆናሉ፤ 4096ቱ የባለቤቱ መረጃ ሲሆን የቀሩት 64 ባይቶች መረጃው አለመለወጡን የሚመሰክር የማረጋገጫ ቁጥር ይይዛሉ። ዲስክ አንዳንድ ጊዜ የተበላሸውን አንብቦ ደኅና ነው ብሎ ያቀርባልና። ይህም የሩቅ ፍርሀት አይደለም። ባይራቫሱንዳራምና ባልደረቦቻቸው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2008 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት በኔትአፕ ማከማቻዎች የነበሩ 1.53 ሚሊዮን ዲስኮች በ41 ወራት ውስጥ ተመርምረው ከ400,000 በላይ ጊዜ ቁጥሩ ከመረጃው ጋር ሳይገጥም ተገኝቷል።

እንግዲህ ሴክተሩ 512 ሲሆን ዘበኛው ተሰናበተ ማለት ነው። በምትኩ ማን ቆመ? መልሱ በፋይል ሲስተሙ ይወሰናል። የኮዱ ምንጭ በ2005 ይፋ የሆነው ዜድ.ኤፍ.ኤስ. የእያንዳንዱን ብሎክ ማረጋገጫ ከብሎኩ ጎን ሳይሆን ወደ ብሎኩ በሚያመለክተው ሌላ ብሎክ ውስጥ ያኖራል። ይህ በእኛ አስተያየት ከቀድሞው የሚሻል ነው፤ ዲስኩ አዲሱን ሳይጽፍ ጻፍሁ ቢል፥ ጎን ለጎን የተቀመጡት አሮጌ መረጃና አሮጌ ቁጥር ይስማማሉና። (ኔትአፕም ይህን አውቆ የብሎኩን ማንነት ከቁጥሩ ጋር ይጽፋል።) እርግጥ ዜድ.ኤፍ.ኤስ. ጉድለቱን የሚጠግነው ሌላ ቅጂ ሲያገኝ ብቻ ነው። ኤክስት 4 ግን ከ2012 ወዲህ የራሱን መዝገብ ቢያረጋግጥም የባለቤቱን መረጃ አያረጋግጥም። ከፎርማቱ በኋላ «የወደዳችሁትን ፋይል ሲስተም አድርጉ» የሚል መመሪያ ስለዚህ ከባድ ጉድለት አለበት።

ከኤስጂ-ፎርማት ፕሮግራም ደራሲዎች አንዱ የሆኑት ዳግላስ ጊልበርት ከመመሪያ ጸሐፊዎቹ ይልቅ ጥንቁቅ ናቸው። ፕሮግራሙ ፎርማት አድርግ ካልተባለ የሴክተሩን መጠንና ብዛት ተናግሮ ያቆማል፤ ሲታዘዝም እያስጠነቀቀ 15 ሰከንድ ይጠብቃል። መብራት ጠፍቶ ሥራው ቢቋረጥ ዲስኩ ፎርማቴ ተበላሽቷል ይላል፤ ይህ ግን ሞተ ማለት አይደለም፥ ትእዛዙን ከመጀመሪያው መድገም ነው። መመሪያዎቹ ይህን ባለመጻፋቸው ስንት ደኅና ዲስክ ተጥሎ ይሆን!

ከ520 ባይቱ ጋር የሚምታታ ሌላም ዓይነት አለ። ሴክተሩን 512 ብሎ የሚናገር፥ ነገር ግን በእያንዳንዱ ላይ ስምንት የጥበቃ ባይቶች የሚጨምር ዲስክ ነው፤ ሁለቱ ማረጋገጫ፥ ሁለቱ ለፕሮግራም የተተዉ፥ አራቱ የቦታ መለያ ናቸው። ይህ በደረጃ የተወሰነ ሥርዓት ስለ ሆነ ሊኑክስም ያውቀዋል። መጠኑን መለወጥ አያስፈልገውም፤ ጥበቃውንም ከማጥፋት በፊት የተሰካበት ካርድ ሊሠራበት ይችል እንደ ሆነ መመርመር ይገባል።