ሰዓት በካዝና

ዤዤር ለኩልትር የተባለው የስዊስ ሰዓት ሠሪ እ.ኤ.አ. በ2009 ሦስት ሰዓቶችን አንድ ላይ አድርጎ ለሰብሳቢዎች አቀረበ። ሦስቱ የያዟቸው ልዩ ልዩ አገልግሎቶች ሲደመሩ 55 ስለሚሆኑ ስብስቡ ሂብሪስ መካኒካ 55 ተባለ። የተዘጋጀው 30 ስብስብ ብቻ ነው፤ የአንዱ ስብስብ ዋጋ ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር። ማስቀመጫው ደግሞ ዶትሊንግ የተባለ የጀርመን ኩባንያ የሠራው ካዝና ነው።

እኔ ፒያሳ ሰዓት እየጠገንኩ የምኖር ሰው ነኝ። እንዲህ ያለ ዋጋ ሲሰሙ የሚቆጡ ሰዎች አሉ፤ አልፈርድባቸውም፤ እኔ ግን አልቆጣም። ከሦስቱ አንዱ፣ ሰዓቱን በደወል የሚናገረው፣ ከ1,300 በላይ ክፍሎች አሉት። በዚህ ደረጃ በሚሠራ ሰዓት ላይ፣ ክዳኑ ከተዘጋ በኋላ ማንም የማያያቸው ክፍሎች ሳይቀሩ ጠርዛቸው በእጅ ተሞርዶ ይወለወላል። ለዚህ ድካም የሚከፍል ሰው ካልተገኘ ሙያው ከባለሙያዎቹ ጋር ይቀበራል።

ከከባዶቹ ሥራዎች ሁሉ እኔን አብዝቶ የሚያስደንቀኝ ቀን የማይስተው የቀን መቁጠሪያ ነው። የፈረንጆች ወር አንዴ 30፣ አንዴ 31 ይሆናል፤ ፌብሯሪ ደግሞ 28 ወይም 29። ሰዓቱ ይህን ሳይሳሳት እንዲከተል በአራት ዓመት አንድ ጊዜ የምትዞር ቁራጭ ብረት ትገባለታለች። በጠርዟ የ48ቱ ወራት ቦታ አለ፤ ወሩ ባጠረ ቁጥር ጉድጓዱ ይጠልቃል፤ ትንሿ ማንሻ በጉድጓዱ ልክ ወርዳ ስንት ቀን መዝለል እንዳለባት ታውቃለች። ይህ ሁሉ ተደክሞበትም እ.ኤ.አ. በ2100 ብዙዎቹ የእጅ እርማት ይፈልጋሉ፤ ያ ዓመት በአራት ቢካፈልም ፌብሯሪ 28 ላይ ይቆማልና። የእኛ አቆጣጠር ግን 12ቱን ወራት እኩል 30 አድርጎ ልዩነቱን ሁሉ ለጳጉሜን ሰጥቷል፤ እሷም በአራት ዓመት አንዴ ስድስት ስትሆን ምዕተ ዓመት ገባ ብላ አትለወጥም። ለጥርስና ለማንሻ ከዚህ የተመቸ አቆጣጠር አላውቅም። በእኛ ቀን የሚሄድ መካኒካል ሰዓት እጄ ላይ ቢገባ ምንኛ ደስ ባለኝ።

የምጣላው ከካዝናው ጋር ነው። የዛሬ መካኒካል ሰዓት ባላንሱ ብዙ ጊዜ በሰዓት 28,800 ጊዜ፣ ማለትም በሴኮንድ ስምንት ጊዜ ይመታል። ይህን ሁሉ የሚሸከመው እንደ ፀጉር የቀጠነ የብረት ጫፍ ነው፤ የሚሽከረከረውም በሩቢ ቀዳዳ ውስጥ፣ በመርፌ ጫፍ በምትነሳ ዘይት ነው። ሰዓቱ ቢታሰርም ባይታሰርም ዘይቱ ያረጃል፤ በዓመታት ውስጥ እንደ ሙጫ ይወፍራል። ልዩነቱ፣ እጅ ላይ ያለ ሰዓት ሲዘገይ ባለቤቱ ያያል፤ ወደ ጠጋኝም ይወስደዋል። ካዝና ውስጥ ያለው መታመሙን የሚነግርለት የለም። ከዓመታት በኋላ አንዱ አውጥቶ ሞላውን ሲጠመዝዘው ብረት ከድንጋይ ጋር በደረቁ ይፋጫል።

ታዲያ ካዝና ካልሆነ ሰዓትን የሚያቆየው ምንድን ነው? መልሱ በአንድ የቆየ ታሪክ ውስጥ አለ። እ.ኤ.አ. በ1783 ሰዓት ሠሪው አብርሃም ሉዊ ብሬጌ ለፈረንሳይዋ ንግሥት ለማሪ አንቷኔት የሚሆን ሰዓት ታዘዘ። የጊዜም የገንዘብም ወሰን አልተደረገበትም፤ በዘመኑ የታወቀው የሰዓት ጥበብ ሁሉ ይግባበት፣ በተቻለ መጠንም በሌላው ብረት ፋንታ ወርቅ ይሁን ተባለ። ንግሥቲቱ በ1793 በሞት ተቀጣች፤ ብሬጌ በ1823 ዐረፈ፤ ሰዓቱ ያለቀው በ1827 ነው። በመጨረሻ ኢየሩሳሌም በሚገኘው የማየር የእስልምና ጥበብ ሙዚየም ገባ፤ ከዚያም በ1983 ተሰረቀ።

ሰዓቱ እንደጠፋ ሳለ፣ የብሬጌን ኩባንያ የያዙት ኒኮላስ ሃዬክ አምሳያው ይሠራ ብለው አዘዙ። ባለሙያዎቹ ፈትተው የሚያዩት ሰዓት አልነበራቸውም። የነበራቸው መዛግብት፣ ንድፎችና ፎቶግራፎች ብቻ ናቸው። በእነዚያ ተመርተው ክፍሎቹን አንድ በአንድ ሠሩና በ2008 ባዝል ላይ ለዓለም አሳዩ። ዋናውም በዚያው መካከል ተገኝቶ ወደ ሙዚየሙ ተመልሷል። ለአምሳያው የተሠራው ሣጥን ንግሥቲቱ ከሥሩ ታርፍ ነበር ከሚባል የቬርሳይ ኦክ ዛፍ ነው፤ ከ3,500 በላይ የእንጨት ቁራጮች ተገጣጥመውበታል። በጣም የሚያምር ሥራ ነው፤ የአናጢዎቹን እጅ አከብራለሁ። ነገር ግን አምሳያው እንዲሠራ ያስቻለው ወረቀት ነው፤ ቀደምቶቹ ምን እንደሠሩ ጽፈውና ሥለው ማቆየታቸው።

ስለዚህ የስጦታ ሣጥን ለሚያዘጋጁ ትልልቅ ቤቶች የምለው ይህን ነው፤ ከቬልቬቱና ከብር ቁልፉ በፊት የሰዓቱን ሙሉ ንድፍ፣ የዘይቱን ዓይነትና የጥገና መዝገብ ጨምሩ። ከመቶ ዓመት በኋላ ወረንጦ ይዞ የሚከፍተው ሰው የሚፈልገው እሱን ነው። መሳቢያችሁ ውስጥ የአባታችሁ ኦሜጋ ወይም ሴኮ ያላችሁም፣ ሞላውን ከመጠምዘዛችሁ በፊት አስከፍቱት፤ ጠጋኙ ምን እንዳጠበ፣ ምን እንደቀየረ በቀኑ ጽፎ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ፤ ወረቀቱንም ከሰዓቱ ጋር አስቀምጡ። ከዚያ እሰሩት።