የሚነቀለው ሾፌር

የፖል ቨርሆቨንን «ቶታል ሪኮል» (1990 እ.ኤ.አ.) ደግሜ ያየሁት ለሽዋርዘኔገር ጡንቻ ሳይሆን ለታክሲው ነው። ሾፌሩ ፈገግታ የማይለየው አሻንጉሊት ነው። ጀግናው ከገዳዮች ሸሽቶ ዘሎ ቢገባና ንዳ ብሎ ቢጮህበት፣ አሻንጉሊቱ አድራሻ ካልተነገረኝ አለ። ጀግናውም ነቅሎ ጣለውና ራሱ ነዳ።

እንደ እኔ እምነት የመኪና ባለቤትነት ምስጢር እዚህች ትዕይንት ላይ ነው። የግል መኪና ከዕድሜው 95 በመቶ ያህሉን ቆሞ ይጨርሳል ይባላል። በ2000 የተቋቋመው ዚፕካር መኪናን በሰዓት የሚያጋራው ይህን ብክነት አይቶ ነው፤ ተጋሪው ግን መኪናው ወዳለበት በእግሩ ሄዶ፣ በሰዓቱ መመለስ አለበት። ከ2024 ጀምሮ ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ለሁሉም የተከፈተው ሾፌር አልባው ዌይሞ ደጅ ድረስ ይመጣል። ትልቅ ብልጫ ነው! ይሁንና ጠዋት ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲጠራው ወረፋ አይቀርም። ቆሞ የሚውለው መኪና የቆመው ለዚያች ሰዓት ነው።

ፊልሙን የምወቅሰው በሌላ ነው። ማርስ ላይ ቤኒ የሚባል ሰው ሾፌር አለ፤ ስለ ልጆቹ ቀለብ ሲያወራ ይቆይና ከሃዲ ሆኖ ይገኛል። ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ እየነዱ ልጅ ያሳደጉ ወገኖቻችን ይህን ሲያዩ የሚስቁ አይመስለኝም።