አጽመ ርስት፦ ናቡቴን ከደብረ ታቦር ሆኖ ማንበብ

የናቡቴን ታሪክ ያልሰማ ሰው በእኛ አገር ጥቂት ነው። ንጉሥ አክዓብ በቤተ መንግሥቱ አጠገብ ያለ የወይን ቦታ አማረው፤ የተሻለ ቦታ ልስጥህ አለ፣ ካልሆነም በገንዘብ ልግዛው አለ። ናቡቴ እምቢ አለ። ብዙ ጊዜ ታሪኩ የሚሰበከው ስለ ክፉ ንጉሥና ስለ ክፉ ሚስቱ ነው። እኔን የሚይዘኝ ሌላ ነገር ነው፦ ናቡቴ ዋጋው አነሰኝ አላለም። የአባቶቼ ርስት ነው አለ፣ አለቀ።

«ርስት» የሚለው ቃል ራሱ ትንሽ ያስቆማል። ከግእዙ «ወረሰ» የመጣ ነው፤ ዕብራይስጥም «ያራሽ» የሚል የሥጋ ዘመድ ግሥ አለው። ግን ቃል የገባበትን አገር ልብስ ይለብሳል። ደብረ ታቦር፣ ፋርጣ ወይም ጋይንት ላይ ርስት ሲባል መጀመሪያ ትዝ የሚለው ሙግት ነው። እስከ 1967ቱ የመሬት አዋጅ ድረስ በጎንደር ደጋ ርስት በአባትም በእናትም ይቆጠር ነበር። ከአቅኚው አባት መወለዱን ቆጥሮ ያስረዳ ሰው ድርሻ ይጠይቃል፤ ሴትም ትወርሳለች። ጠያቂው ብዙ፣ መሬቱ ጥቂት፤ ክርክሩ ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል።

የእስራኤል ርስት ግን በነገድ የታጠረ ነው። በዘኍልቍ 27 የሰለጰዓድ አምስት ሴቶች ልጆች ሙሴ ፊት ቆመው ተከራከሩ፣ ረቱም። ምዕራፍ 36 ላይ ግን መሬቱ ወደ ሌላ ነገድ እንዳይሄድ ከነገዳቸው ውጭ እንዳያገቡ ታዘዙ። የጎንደር ርስት እንዲህ ያለ አጥር አልነበረውም።

ሙግት ያየ አገር ኤልዛቤልን ለመረዳት አስተርጓሚ አይፈልግም። ናቡቴን ያስገደለችው ጦር አዝምታ አይደለም፤ በደብዳቤ፣ በማኅተም፣ በሐሰት ምስክርና በሽማግሌዎች ሸንጎ ነው።

እኛ ደግሞ «አጽመ ርስት» የሚል ከባድ ቃል አለን፤ አጥንትና መሬት አንድ ላይ የተሰፉበት። የኢያሱ መጽሐፍም ሲዘጋ የዮሴፍ አጥንት በሴኬም ያርፋል፣ ቦታውም ለልጆቹ ርስት ይሆናል። ዛሬ ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ ስለ አጽመ ርስት ስንጽፍ ይቺን ግማሽ እንወዳታለን፤ አባቶቼ ስላረፉበት የእኔ ነው እንላለን።

ሌላውን ግማሽ እንዘለዋለን። ዘሌዋውያን 25 መሬት ለዘለቄታው የማይሸጠው የእግዚአብሔር ስለሆነ ነው ይላል፤ ባለ ርስቱ በገዛ ርስቱ ላይ እንግዳ ነው። በሃምሳኛው ዓመት ድሃው ወደ ድርሻው ይመለሳል። የሌዊ ነገድ ጭራሽ ድርሻ የለውም፤ ርስቱ እግዚአብሔር ነው። የእኛ ቤተ ክርስቲያን በዚህ አልሄደችም፤ ዐፄ ቴዎድሮስ፣ ደብረ ታቦርን መቀመጫቸው ያደረጉት ንጉሥ፣ ከካህናቱ ጋር ክፉኛ ከተጋጩባቸው ነገሮች አንዱ የቤተ ክርስቲያን መሬት ነው።

ዛሬም መሬት አይሸጥም፤ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። ላይ ላዩን ዘሌዋውያንን ይመስላል። ነገር ግን ኢዮቤልዩ የለውም። በአማራ ክልል በ1989 መሬት ሲደለደል ገና ያልተወለደው ልጅ ዛሬ ጎልማሳ ነው፤ አባቱ የያዘው ማሳ ለወንድማማቾች ስለማይበቃ ሰሊጥ ሊያጭድ መተማና ሁመራ ይወርዳል። እሱን አጽመ ርስትህን ጠብቅ ማለት ምን ማለት ነው? አጽሙ አለ፤ ርስቱ የታል?

ለዚህ ነው የታሪኩን ፍርድ ደግሜ የማነበው። ኤልያስ አክዓብን ሲከስሰው ሁለት ግሥ ይጠቀማል፦ መግደልና መውረስ። ሁለተኛው ያው «ያራሽ» ነው፤ ከአባት ለልጅ የሚያስተላልፈው ቅዱስ ግሥ በነጣቂው አፍ ገብቶ ተበላሽቷል። ስለዚህ መጽሐፉን ለርስት ክርክር ስንጠቅስ ማን አባቱን ቆጠረ የሚለው ብቻ አይበቃም። ማን ያለ ድርሻ ቀረ ብለንም እንጠይቅ። ኢዮቤልዩን ጥሎ ናቡቴን ብቻ የሚያነሳ ሰው ሳያስበው የአክዓብን ወገን ሊይዝ ይችላል።