ስለ መጋዘን ሠራተኞች ደኅንነትና ስለ ጆንያው ክብደት

በመካከላችን ስለ ሥራ ደኅንነት በተነጋገርን ቁጥር የሚሰጠው ምክር አንድ ነው፤ ይኸውም ሠራተኛው ይጠንቀቅ፥ ጫማና ጓንት ይሰጠው፥ በግድግዳው ላይ ማስጠንቀቂያ ይለጠፍ የሚል ነው። ምክሩን አንጠላውም። ዳሩ ግን በእህል መጋዘን ለሚሠራው ጫኝና አውራጅ ዋናው አደጋ ጆንያው ራሱ መሆኑ ስለ ተዘነጋ እንነቅፈዋለን።

የእህል ንግዳችን መለኪያ ኩንታል፥ ማለት 100 ኪሎ ግራም ነው። አንድ ሰው ይህን በጀርባው ተሸክሞ ከመኪና ወደ መጋዘን ሲያስገባ በመርካቶ ያላየ የለም። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ግን በ1967 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክረ ሐሳብ ቁጥር 128፥ ለአንድ ጎልማሳ ወንድ የሚፈቀደው ሸክም ከ55 ኪሎ ግራም በላይ የሆነ እንደሆነ በተቻለ ፍጥነት ወደዚህ ልክ እንዲወርድ መክሯል። የእኛ ተሸካሚ እንግዲህ የዚህን እጥፍ ያህል ይሸከማል። ክምር ሲናድ ሁሉም ያያል፤ ከዓመት ወደ ዓመት የሚጎዳ ወገብ ግን በአደጋ መዝገብ ላይ በቀላሉ አይገባም።

ሕጉስ ምን ይላል? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው ስለ ሥራው አደጋ እንዲያስረዳ፥ መከላከያ መሣሪያ እንዲሰጥና የደረሰውን ጉዳት እንዲመዘግብ ያዛል። ለወጣት ሠራተኞችም በመጋዘን ውስጥ ከባድ ዕቃ ማንሣትን ከአደገኛ ሥራዎች ይቈጥራል። ይሁን እንጂ አዋጁ ራሱ ለጎልማሳው በኪሎ የተወሰነ ልክ አላስቀመጠም። ከዚህም በላይ በራሱ ኃላፊነት በዋጋ የሚሠራን ሰው አይመለከትም። ታዲያ ዛሬ ለአንዱ ነጋዴ፥ ነገ ለሌላው የሚያወርደው ሰው አሠሪው ማን ነው? ጫማውንስ ማን ይገዛለታል?

ጆንያው ቢያንስ ተሸካሚው በጆንያ ቍጥር ስለሚከፈለው ገቢው ይቀንሳል የሚሉ አሉ። ይህ ክርክር የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን መልሱ ክፍያውን በክብደት ማድረግ እንጂ ሰውየውን በኩንታል ሥር ማቆየት አይደለም። ንግዱ ይታወካል ለሚሉትም ሲሚንቶና ማዳበሪያ በ50 ኪሎ ታሽገው እንደሚሸጡ እናስታውሳቸዋለን። በጆንያው መጠን የሚወስነው ተሸካሚው ሳይሆን የሚያሽገውና የሚገዛው ነው፤ ስለዚህ ጥንቃቄው ከእነርሱ መጀመር ይገባዋል። ከዚያ በኋላ የእጅ ጋሪው፥ ጆንያን እያጠላለፉ መደርደሩና ከላይ ጀምሮ ማውረዱ ይከተላል።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው ይባላል። እኛም ተማሪዎች ወደ መጋዘን ለጥናት ስንሄድ ሠራተኛውን ትጠነቀቃለህን ብለን ብቻ ጠይቀን መመለስ ይብቃን። ከመጠይቁ ጋር ሚዛን ይዘን እንሂድ።